ከልጃችን ክሮምቡክ ጀርባ ያለው ቢሮ

ኦገስት መጨረሻ ላይ ትምህርት ሲከፈት በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ በብዙ አበሻ ቤት የሚደጋገም ነገር አለ። ልጁ ቦርሳውን አውርዶ ትምህርት ቤት የሰጠውን ላፕቶፕ ያወጣል፤ ከላፕቶፑ ጋር የሚፈረም ወረቀትም ያቀርባል። እናት ለማታ ፈረቃ ከመውጣቷ በፊት ወጡን እያማሰለች ነው፤ አባት የመኪና ቁልፉን ይዞ ቆሟል። ወረቀቱ ይፈረማል። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ የሚታወሰው ስክሪኑ የተሰነጠቀ ወይም ቻርጀሩ የጠፋ ዕለት ነው።

ያ ላፕቶፕ ቤታችን እስኪደርስ ድረስ ግን ብዙ ሰው ደክሞበታል። በጀት ተይዞለታል፤ ጨረታ ወጥቶበታል፤ ቦርድ ድምፅ ሰጥቶበታል፤ የሚገናኝበት መስመር ተዘርግቷል። ይህን ሁሉ የሚያቅደውና የሚያስተዳድረው የትምህርት ዲስትሪክቱ የቴክኖሎጂ ቢሮ ነው። ወላጆች ይህን ቢሮ ሊያውቁት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ልጆቻችን በኮምፒውተር መጠቀማቸው ወይም መጎዳታቸው የሚወሰነው ቢሮው ዕቃውን ከመግዛቱ በፊትና ከገዛ በኋላ በሚሠራው ሥራ ነውና።

በመጀመሪያ ዲስትሪክት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ለአገሪቱ በሙሉ ሥርዓተ ትምህርት የሚያወጣ፣ መምህር የሚመድብ ሚኒስቴር የለም። ትምህርት የየስቴቱ ኃላፊነት ሲሆን ስቴቶቹ ደግሞ የዕለት ተዕለቱን ሥራ በመላ አገሪቱ ላሉት 13 ሺህ ገደማ ዲስትሪክቶች ሰጥተውታል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ዲስትሪክቱ አብዛኛውን ጊዜ ካውንቲው ራሱ ነው፤ ሞንትጎመሪና ፌርፋክስ እያንዳንዳቸው ከ150 ሺህ በላይ ተማሪ ያስተምራሉ። በሁለቱም ቦታ ከላይ ነዋሪው የሚመርጠው ቦርድ አለ። ቦርዱ ሱፐርኢንቴንደንት ይቀጥራል፤ የቴክኖሎጂ ቢሮው ተጠሪነትም ለሱፐርኢንቴንደንቱ ነው።

በቢሮው ውስጥ ኔትዎርክ የሚዘረጉ መሐንዲሶች፣ የተሰበረ የሚጠግኑ ቴክኒሺያኖች፣ ውል የሚመረምሩና የተማሪ መረጃ የሚጠብቁ ሠራተኞች ይሠራሉ። ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን ብዙ ወላጅ ሰምቶት የማያውቀው አንድ የሥራ መደብ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ በየ1,000 ተማሪው ሁለት የቴክኖሎጂ ባለሙያ እንዲመደብ ያዛል። አንዱ ዕቃው እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። ሌላው ግን ራሱ መምህር ነው፤ ሥራውም መምህራንን ማገዝ ነው። የሒሳብ መምህሯ ክፍልፋይን በስክሪን ላይ ለማሳየት ስትፈልግ አብሯት ተቀምጦ ትምህርቱን ያዘጋጃል፤ ክፍል ገብቶ ከጎኗ ይቆማል፤ ለትምህርቱ የማይበጅ መስሎ ከታየውም ዛሬስ ወረቀትና እርሳስ ይሻላል ይላታል። በእኔ እይታ የቢሮው ልብ ይህ ሰው ነው። ላፕቶፕ በገንዘብ ይገዛል፤ መምህሯ መቼ ልክፈተው፣ መቼ ልዝጋው ብላ በልበ ሙሉነት እንድትወስን የሚያደርጋት ግን እንዲህ ያለ አጋዥ ማግኘቷ ነው።

ይህን ስል ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ትዝ ይለኛል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ያውቀዋል። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ወደየክፍሉ ይተላለፍ ነበር። ዓላማው ቅን ነበር፤ የገጠሩም የከተማውም ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ነው። ነገር ግን ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ስርጭቱ ስለነበር ለመምህሩ የሚተርፉት መግቢያና መዝጊያ ላይ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ፕላዝማው ጥያቄ ይጠይቃል፤ ትንሽ ይጠብቅና ራሱ መልሶ ያልፋል። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣም ስርጭቱን ቆም በል የሚለው ሰው አልነበረም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ልጅ ከሚያሳድጉት ወላጆች ብዙዎቹ በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከመጠየቅ በፊት መምህሩን ያግዛል ወይስ ይተካል ብሎ መጠየቅ ለእነርሱ አዲስ አይደለም።

ወደ ገንዘቡ ልግባ። የስልክ ቢላችሁን ዘርዝራችሁ ብታዩ ዩኒቨርሳል ሰርቪስ የሚል ትንሽ ክፍያ ታገኛላችሁ። ከዚያ ፈንድ ከፊሉ ኢ-ሬት ወደሚባለው ፕሮግራም ይሄዳል። ፕሮግራሙ በእ.ኤ.አ. 1996 በወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ የተፈጠረ ሲሆን ለትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት ወጪ ከ20 እስከ 90 በመቶ ይሸፍናል። ድሃ ተማሪ የሚበዛበት ዲስትሪክት የበለጠ ያገኛል። ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚከፍለው ለመስመሩና በሕንፃው ውስጥ ላለው ዋይፋይ ነው፤ ለተማሪው ላፕቶፕ አይከፍልም። ላፕቶፑን ዲስትሪክቱ ከራሱ በጀት፣ ከስቴት ድጎማ ወይም ከብድር ነው የሚገዛው። የኢ-ሬት የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል፤ ጨረታውም ቢያንስ 28 ቀን ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። በዚህ የተነሳ ኦገስት ላይ ለሚከፈት ትምህርት የሚደረገው ዝግጅት የሚጀምረው ባለፈው የትምህርት ዓመት አጋማሽ ነው።

ላፕቶፖቹ ሲደርሱ ዝም ብለው አይታደሉም። እያንዳንዱ ከዲስትሪክቱ ጋር ይመዘገባል። የተመዘገበ ክሮምቡክ፣ ማለትም በጉግል ሥርዓት የሚሠራው ላፕቶፕ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ቢጠፋ እንኳ ኢንተርኔት ሲያገኝ የዲስትሪክቱ ንብረት መሆኑን አውቆ ወደ ዲስትሪክቱ ደንብ ይመለሳል። በእ.ኤ.አ. 2000 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ኢ-ሬትን ለኢንተርኔት የሚጠቀም ዲስትሪክት ለልጆች የማይገቡ ምስሎችን እንዲያግድና ተማሪዎች ኢንተርኔት ላይ የሚሠሩትን እንዲከታተል ያስገድዳል። ይህን ወላጅ ማወቅ አለበት። ልጁ በትምህርት ቤቱ አካውንት ማታ ሳሎን ውስጥ የሚፈልገውን ነገር ዲስትሪክቱ ሊያየው ይችላል። ዕቃው የሚያረጅበት ቀንም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ክሮምቡክ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኘው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጉግል ይህን ጊዜ ወደ አሥር ዓመት ያራዘመው በ2023 ነው። በልጅ ቦርሳ ውስጥ በየቀኑ የሚንገላታ ላፕቶፕ ግን ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ ጥሩ ቢሮ ዛሬ ሲገዛ ከአራት ዓመት በኋላ መተኪያውን በምን ገንዘብ እንደሚገዛ አብሮ ያቅዳል።

ይህ ሁሉ ሳይታሰብበት ሲቀር ምን እንደሚሆን የታየው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። የሎስ አንጀለስ ዲስትሪክት በተማሪ ብዛት ከኒው ዮርክ ቀጥሎ በአገሪቱ ሁለተኛ ነው። ጁን 2013 ላይ ቦርዱ ለመጀመሪያው ዙር 30 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ፤ ሐሳቡ ለእያንዳንዱ ተማሪ አይፓድ መስጠት ነበር። ዋይፋዩን ጨምሮ የዕቅዱ ጠቅላላ ወጪ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበሩት ሱፐርኢንቴንደንት ጆን ዴዚ ሐሳቡን ያቀረቡት በፍትሕ ስም ነው፤ የሀብታም ልጅ ያለው መሣሪያ ለድሃውም ልጅ ይድረሰው የሚል። በዚህ ሐሳብ የሚከራከር ወላጅ የለም። ችግሩ የመጣው ከአፈጻጸሙ ነው።

አይፓዶቹ በታደሉ በቀናት ውስጥ በሦስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 300 ገደማ ተማሪዎች የዲስትሪክቱን መቆጣጠሪያ አጥፍተው እንደ ልባቸው ኢንተርኔት መጠቀም ጀመሩ። ያደረጉት ነገር ከባድ አልነበረም፤ አንድ ፕሮፋይል መሰረዝ ብቻ ነው። ዲስትሪክቱ ደንግጦ አይፓዶቹ ከትምህርት ቤት እንዳይወጡ አገደ። ከዚያ የስቴቱን ፈተና ለመውሰድ ኪቦርድ እንደሚያስፈልግ፣ ለእሱም ሌላ ገንዘብ እንደሚወጣ ግልጽ ሆነ። አይፓዱ ላይ የተጫነው፣ ፒርሰን የተባለው አሳታሚ ድርጅት ያዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ሲገዛ ገና አላለቀም ነበር። ገንዘቡ ነዋሪው ለትምህርት ቤት ግንባታ ብሎ በድምፁ ካጸደቀው ቦንድ የመጣ ነው። ልጆች ለጥቂት ዓመት ለሚይዙት ዕቃ ነዋሪው ለረጅም ዓመታት ሊከፍል ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። በ2014 የወጣ የውጭ ገምጋሚዎች ሪፖርት እንደሚለው ከተጎበኙት 245 ክፍሎች ውስጥ የተገዛውን ሥርዓተ ትምህርት ሲጠቀም የተገኘው መምህር አንድ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣ ዲስትሪክት መምህሩን በበቂ ሳያዘጋጅ ቀርቷል። ኦገስት 2014 ላይ፣ ከጨረታው በፊት የዲስትሪክቱ ኃላፊዎች ከአፕልና ከፒርሰን ጋር የተጻጻፏቸው ኢሜይሎች ይፋ ሲወጡ ውሉ ቆመ። ዴዚ ምንም ጥፋት አልፈጸምኩም ብለዋል፤ በኦክቶበር ግን ከሥልጣናቸው ለቀቁ። በዲሴምበር የኤፍ.ቢ.አይ. መርማሪዎች ሃያ ካርቶን ሰነድ ወሰዱ፤ በመጨረሻ ክስ የተመሠረተበት ሰው የለም። በ2015 ዲስትሪክቱ በስምምነት ያስመለሰው 6.4 ሚሊዮን ዶላር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለም? ሎስ አንጀለስ አፍስሳ የለቀመችው ጥቂቱን ነው።

ያው ዲስትሪክት በማርች 2024 ኤድ የሚባል፣ ተማሪና ወላጅ የሚያማክር በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ፕሮግራም በይፋ አስመረቀ። የውሉ መጠን ስድስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በወራት ውስጥ ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ በዓመቱ መጨረሻ መሥራቿ በማጭበርበር ተከሰሰች። አንድን ድርጅት ከመቅጠር በፊት ነገ በሩ ክፍት ሆኖ መገኘቱን መመርመርም የዚህ ቢሮ ሥራ ነው።

በሌላ መንገድ የሄዱ አሉ። የሜይን ስቴት በ2002 ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቹ በሙሉ ላፕቶፕ ሰጠ፤ በቀጣዩ ዓመት ስምንተኛ ክፍልን ጨመረ። የዚያን ጊዜው ገዥ አንገስ ኪንግ ሐሳቡን ሲያቀርቡ ብዙ ተቃውሞ ነበረባቸው። ነገር ግን ሥራው በጥቂት ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ ነው የሰፋው፤ መምህራኑም ላፕቶፑን ከተማሪዎቹ ቀድመው አግኝተው ሠለጠኑበት። ገዥው ከለቀቁ ከብዙ ዓመታት በኋላም ፕሮግራሙ ቀጥሎ ነበር።

ስለ መረጃም መነገር አለበት። ዲስትሪክቱ የልጆቻችንን ስም፣ አድራሻ፣ ውጤት፣ አንዳንዴም የጤና ሁኔታ ይይዛል። ሴፕቴምበር 2020 ላይ ጠላፊዎች የፌርፋክስን ኔትዎርክ ሰብረው ገቡ። በ2022 ሎስ አንጀለስ ተጠቃች፤ ገንዘብ አልከፍልም ስትል የተሰረቀው መረጃ ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ። በ2024 መጨረሻ ደግሞ የብዙ ዲስትሪክቶችን መዝገብ የሚይዘው ፓወርስኩል የተባለው ድርጅት ተሰበረ፤ ገብተው የሰረቁት በአንድ የተሰረቀ ፓስወርድ ነው። ስለዚህ መምህሩ ደስ ያለውን ነፃ አፕ ሁሉ እንዳይጭን ቢሮው ሲከለክል የመጀመሪያ ሐሳቡ ይህ ነው፤ መረጃው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ። ወላጅም መብት አለው። በ1974 የወጣው ሕግ የልጃችንን የትምህርት መዝገብ እንድናይ ይፈቅዳል፤ ትምህርት ቤቱ በጥያቄያችን መሠረት ሊያሳየን የሚገባውም ከ45 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ነው።

ይህን መብት ለመጠቀም እንግሊዝኛ አጥርቶ መናገር ግዴታ አይደለም። ሞንትጎመሪ ዋና ዋና ማስታወቂያዎቹን በአማርኛ ያወጣል፤ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስም እንዲሁ። የዚህ መነሻው በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ግን አይገባም፤ በተለይ ጉዳዩ የልጁ የራሱ ላፕቶፕ ሲሆን።

እንግዲህ በዚህ ዓመት ወረቀቱ ሲመጣ ከመፈረም በፊት አንብቡት። ከተሰበረ ማን ይከፍላል? ቤት ውስጥ ምን ይታያል? ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ መረጃው ምን ይሆናል? ከዚያ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ቦርዱ ቅረቡ። ሞንትጎመሪና ፌርፋክስ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ፣ ስለ ቀጣዩ በጀት የሕዝብ አስተያየት ይሰማሉ። በጀት ሲጠብ በቶሎ የሚነካው ከመምህሯ ጎን የሚቆመው ያ አጋዥ መምህር እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ ስለ እሱ የሚናገር ወላጅ ያስፈልጋል። ለመናገር ቀድሞ መመዝገብ ይጠይቃል፤ የሚሰጠው ጊዜም ጥቂት ደቂቃ ነው። አስተርጓሚ የምትፈልጉ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ክፍያ የለውም።