ለጠባብ ክፍል የሚሆን መሰላል

የክፍላችን አምፑል በተቃጠለ ቍጥር ወንበር በጠረጴዛ ላይ ደራርበን የምንወጣ ብዙዎች ነን። ምክንያታችንም የመሰላል ማስቀመጫ ቦታ ማጣት ነው። ዳሩ ግን ለጠባብ ክፍል የሚሆን መሰላል ስላለ አመራረጡን ማወቅ ይገባናል።

አስቀድመን ሁለት ነገር እንለካ፤ ይኸውም እጃችን ሊደርስበት የሚፈለገውን ከፍታና መሰላሉ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው። ጣሪያው ከ2 ሜትር ተኩል እምብዛም ካልበለጠ ባለ 3 ደረጃ ታጣፊ መሰላል ይበቃል፤ ሲታጠፍም ከበር ጀርባ ይቆማል። አሸንዳ ለመጥረግ ከሆነ ግን እንደ ራዲዮ አንቴና እየተሳበ የሚረዝመው የአሉሚኒየም መሰላል ይሻላል። 3 ሜትር ያህል የሚረዝመው ሲሰበሰብ 1 ሜትር አይሞላም።

የዚህ ዓይነቱ መሰላል ደኅንነት በመቆለፊያዎቹ ላይ ነው። ስለዚህ ስንገዛ ሙሉ በሙሉ ዘርግተን እያንዳንዱ ደረጃ መቆለፉን እንፈትን፤ መቆለፊያው የላላውን በርካሽ ቢሰጡንም አንውሰድ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ከሽቦ አጠገብ አይቆምም። ከግድግዳ ስናስደግፈውም የከፍታውን አንድ አራተኛ ያህል እግሩን እናርቀው።

ዋጋው ለአንድ ተማሪ ቢከብድ፣ ጐረቤታሞች ተዋጥተን አንድ እንግዛ። መሰላል በመዋጮ ይገዛል፤ የተሰበረ ወገብ ግን በመዋጮ አይጠገንም።