የደጋ ቤት ከውጭ ይልበስ
የራስ ደጀን ተራራ በቆመበት በበየዳ ደጋ የሚኖር ሰው ሌሊቱን ከብርድ ጋራ ሲታገል ያድራል። ለምድጃው የሚቈረጠውም አስታ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። የስሜን ፓርክ በ1978 በአውሮፓ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፥ አስታውን ከምሳር የሚያድነው መዝገብ ብቻ አይደለም።

ቤቱ የድንጋይ እንደ ሆነ የምድጃው ሙቀት በግድግዳው አልፎ ይሄዳል። ጭድ ግን በመካከሉ የቆመ አየር ስለሚይዝ፥ ሲደርቅ የሚያሳልፈው ሙቀት ድንጋይ ከሚያሳልፈው ከ10 እጅ አንዱን አይሞላም፤ የሣር ክዳን ቤት ከቆርቆሮው ይልቅ የሚሞቀውም ስለዚሁ ነው። ታዲያ ጣራው ሣር ለብሶ ግድግዳው ለምን ይራቈታል? ጭዱ በዝቶ ጭቃው ለማጣበቂያ ያህል ብቻ የገባበት ልባስ፥ አንድ ስንዝር ወፍሮ በማገር ተይዞ ከውጭ ቢደረግ፥ በምድጃው የሞቀው ድንጋይ ሙቀቱን አቈይቶ ሌሊት ይመልሳል። ልባሱ ከውስጥ ቢሆን ግን ድንጋዩ ከብርዱ ጋራ ይቀራል። በአውሮፓ ቀዝቃዛ አገሮች በፋብሪካ ልባስ የሚደረገውም ሥራ ምሥጢሩ ይኸው የታሰረ አየር ነው።

ርጥበት የገባው ጭድ ይበሰብሳልና፥ የክዳኑ ጠርዝ ረዝሞ ይውጣ፤ የልባሱም ሥር ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ ላዩም ከክረምት በፊት በየዓመቱ ይመረግ። ሽንቁሩ ሁሉ ሲደፈን የጢሱ መውጫ አብሮ እንዳይዘጋ ባለቤቱ ይጠንቀቅ።