በባዕድ አገር በዓል ማክበርና ዘመድ መቀበል፤ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች

ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ አገር የሚኖር ሕዝብ ልማዱን በምን ይጠብቃል? ተብሎ ሲጠየቅ፥ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ በጸሎት ቤቱ፥ በምግቡና በቋንቋው ነው የሚል ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን እነዚህ ነገሮች በቤት ውስጥ በማን እጅ እንደሚጠበቁና ከአያት ወደ ልጅ ልጅ በምን መንገድ እንደሚተላለፉ አያስረዳም። በዚህ ጽሑፍ በዋሽንግተን ከተማና በአጠገቧ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን በዓላቸውን እንዴት እንደሚያከብሩ፥ ከአገር ቤት የመጡ እናት ወይም አባት በመካከላቸው ሲገኙ የበዓሉ ሥርዓት እንዴት እንደሚለወጥ፥ እንግዳን ይዞ አገር ማሳየትም በቤተ ሰቡ መካከል ምን እንደሚሠራ እንመለከታለን። አብዛኛው ምሳሌያችን የተወሰደው ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ኑሮ ነው፤ ስለ ሙስሊሞቹ በኋላ ጥቂት እንጨምራለን። ዓ.ም. ከተባለው በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሰፈራው ታሪክ

ከ1974 አብዮት በፊት ወደ አሜሪካ ይሄድ የነበረው ኢትዮጵያዊ በአብዛኛው ተማሪ ወይም የመንግሥት መልእክተኛ ነበር። ትምህርቱን ወይም ሥራውን ሲጨርስ ይመለስ ስለ ነበር፥ በዓልን ከአገር ውጭ ማሳለፍ ለእርሱ የጥቂት ዓመታት ጉዳይ ነበር። ከአብዮቱ ወዲህ፥ በተለይም በ1977 እና በ1978 ከደረሰው ቀይ ሽብር በኋላ፥ ለብዙዎቹ የመመለሻው መንገድ ተዘጋ። በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ለብዙ ሰዎች በር ከፈተ፤ በ1990 በወጣው ሕግ የተቋቋመውና በአገራችን ዲቪ እየተባለ የሚጠራው የዕጣ ቪዛ ደግሞ ሌሎችን ጨመረ። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ አዳምስ ሞርገን በሚባለው ሰፈር፥ ቀጥሎም በዩ ስትሪት አካባቢ፥ በኋላም በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሰፈሩ። ቍጥራቸው እየበዛ ስለ ሄደ፥ በ2004 የዋሽንግተን ከተማ ያወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ከሚያስተናግዳቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል።

በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር፤ ይህም በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ብዙዎቹ ልጅ ወልደው ያሳደጉት ወላጆቻቸው ሳያዩላቸው ነው። ከ1991 ወዲህ ግን መመላለስ ተቻለ። የወላጅ ጉብኝት ከዚያ በኋላ የቤተ ሰቡ ኑሮ አንድ ክፍል ሆነ፤ በዓሉም ከጉብኝቱ ጋር ተያያዘ።

ስለ ሁለቱ አቈጣጠሮች

በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁለት የቀን መቍጠሪያ ይዞ ይኖራል። በሥራው ላይ የሚያዘው አንዱ ሲሆን፥ ጾሙንና በዓሉን የሚያዘው ሌላው ነው። በዓላቱ ከዚህ የተነሣ በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው ክፍል ሁልጊዜ እሑድ የሚውለው ነው፤ ይህም ሆሣዕናና ፋሲካ ነው። ፋሲካ ከሠራተኛው ፈቃድ ስለማይጠይቅ፥ ሥርዓቱን ሳይለቅ ጸንቶ የሚታየው ከሁሉ ይልቅ እርሱ ነው። ሁለተኛው ክፍል ቀኑ የተወሰነ ሆኖ የሌሊት ቅዳሴ ያለው ነው። ልደት ዘወትር ጃንዋሪ 7 ቀን ይውላል፤ ምእመናን ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን አድረው ሲነጋ ወደ ሥራ የሚሄዱበት ዓመት ብዙ ነው። ሦስተኛው ክፍል ከቤትና ከደጅ ጋር የተያያዘው ነው፤ እርሱም እንቍጣጣሽ፥ ቡሄና የመስቀል ደመራ ነው። እነዚህ ሜዳ፥ ጎረቤትና እሳት ይፈልጋሉ። ልጆች ችቦና አበባ ይዘው ከማያውቁት ሰው ደጅ ሄደው ሊዘፍኑ አይችሉም፤ ያለ ፈቃድም በአደባባይ እሳት ማንደድ አይቻልም። ስለዚህ ሆያ ሆዬና አበባየሆሽ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይም በኪራይ አዳራሽ ይባላሉ፤ ቀናቸውም ብዙ ጊዜ ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ እሑድ ይዛወራል።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። በአገር ቤት ቅዳሴውና ማዕዱ በአንድ ቀን የተሰፉ ናቸው፤ በባዕድ አገር ግን ስፌቱ ይላላል። ቅዳሴው በቀኑ ይቀደሳል፤ ማዕዱ ሰዎች እስኪሰበሰቡ ይጠብቃል።

የባዕዱ አገር በዓላትም በዚሁ መካከል ይገባሉ። ታንክስጊቪንግ የሚባለው የምስጋና በዓል በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ይውላል፤ ይኸውም ከ22 እስከ 28 ካሉት ቀኖች በአንዱ ነው። የነቢያት ጾም የሚገባበት ኅዳር 15 ቀን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 24 ነው። በ2018 የምስጋናው በዓል ኖቬምበር 22 ስለ ዋለ ጾሙን ቀደመ፤ በ2024 ግን ኖቬምበር 28 ስለ ዋለ በጾሙ ውስጥ ወደቀ። በእንዲህ ያለው ዓመት ልጆች በትምህርት ቤት የሰሙትን ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ ይጠይቃሉ፤ ጿሚዎቹ ሽሮና ጐመን ያቀርባሉ፤ በአንድ ገበታ ላይም ሁለት ማዕድ ይዘረጋል። ዲሴምበር 25 የሚከበረው የፈረንጆች ገና እንዲሁ በዚሁ ጾም መካከል ይውላል።

እንቍጣጣሽ ከዚህ የከበደ ነገር ደርሶበታል። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ነበር። በዚያች ዕለት ከተጠቁት ቦታዎች አንዱ፥ ፔንታጎን የሚባለው የጦር መሥሪያ ቤት፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ ክፍል ይገኛል። ከዚያ ወዲህ የአዲስ ዓመት ደስታና የጎረቤት ኀዘን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ይገናኛሉ።

ስለ ወላጅ መምጣት

በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድለት መቀመጫ እስከ 6 ወር ነው። ይህ ጊዜ ከበዓላቱ ጋር ሲተያይ አንድ ነገር ይገለጣል። ለእንቍጣጣሽ የመጡ እናት መስቀልን፥ ልደትንና ጥምቀትን ያገኛሉ፤ ፋሲካ ሳይደርስ ግን ይመለሳሉ። ለልደት የመጡ ፋሲካን ያገኛሉ፤ እንቍጣጣሽን አያገኙም። ለፋሲካ የመጡ ቡሄን፥ እንቍጣጣሽንና መስቀልን አይተው ልደት ሳይደርስ ይሄዳሉ። ሦስቱን ታላላቅ በዓላት፥ ልደትን፥ ፋሲካንና እንቍጣጣሽን፥ አንድ ጉብኝት አጠቃሎ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ቤተ ሰቡ የጉብኝቱን ጊዜ ሲወስን በዓሉንም መምረጡ ነው።

ጉብኝት ይባል እንጂ ብዙ እናቶች የሚመጡት አራስ ለመጠየቅና ለማረስ ነው። ገንፎው፥ አጥሚቱ፥ ወንድ ልጅ በ40 ሴት ልጅ በ80 ቀን የሚፈጸመው የክርስትና ሥርዓት ባለሙያ ይፈልጋል። በሻንጣቸውም በርበሬ፥ ሽሮ፥ በሶና ቅመም ይዘው ይመጣሉ፤ ቋንጣ ግን በጉምሩክ ስለሚያዝ ይቀራል። ጤፍ ከኢዳሆ ግዛት እርሻ ይገኛል፤ እንጀራም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል። ስለዚህ እኒህ እናት የሚያመጡት ዋና ነገር ከሸቀጡ ይልቅ ሥርዓቱ ነው። ዶሮው በ12 ብልት መከፈል አለበት፤ የትኛው ብልት ለማን እንደሚወጣ ያውቃሉ። ጾሙ ከቅዳሴ በፊት አይገደፍም፤ ማዕዱም ለእሑድ ይቈይ ሲባል አይስማሙም። ቡና ሲቈላና ዕጣን ሲጤስ በጣራው ላይ ያለው የጢስ ደወል ይጮኻል፤ የቤቱ ልጆች በፎጣ ያራግባሉ፤ ቡናው ግን ሦስተኛው ሳይጠጣ አይነሣም። ላልቶ የነበረው የቅዳሴና የማዕድ ስፌት በእኒህ እናት እጅ ተመልሶ ይጠብቃል።

አገር ስለ ማሳየት

የበዓሉ ቀን ሲያልፍ ልጆቻቸው እናታቸውን ይዘው አገር ያሳያሉ። በአገር ቤት በዕድሜ የገፋ ሰው ረጅም መንገድ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ለመሳለም ነው፤ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም፥ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቍልቢ ገብርኤል፥ ለልደት ወደ ላሊበላ ይጓዛል። ለማየት ብቻ መሄድ አዲስ ነገር ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጉብኝቱን በሚያውቁት መለኪያ ይመዝኑታል። በ1884 ተሠርቶ ያለቀው የዋሽንግተን ሐውልት ቁመቱ 169 ሜትር ያህል ነው፤ መልኩም የአክሱምን ሐውልት የሚያስታውስ ስለ ሆነ አክሱምን የተሳለመ ሰው ሁለቱን ማወዳደሩ አይቀርም። ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰውና በ2008 በስፍራው የቆመው የአክሱም ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ሲሆን፥ የዋሽንግተኑ ከብዙ ድንጋይ የተገነባ ነው። ወደ ናያጋራ ፏፏቴ የተወሰዱትም ጢስ ዓባይን ያነሣሉ።

የጉብኝቱ ቀን እንኳ ከጾሙ አይወጣም። የቶኪዮ ከተማ በ1912 ለዋሽንግተን የሰጠቻቸው የቼሪ ዛፎች የሚያብቡት በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ነው፤ ይህ ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው። አበባ ለማየት የሚወጣው ቤተ ሰብ የጾም ምሳ ይዞ ይወጣል።

በእነዚህ ስፍራዎች የሚነሣው ፎቶግራፍ ወደ አገር ቤት ይላካል። ለተመልካቹ ዘመድ ሕንፃው ሁለተኛ ነገር ነው፤ ዋናው ልጆቹ በጤና መኖራቸውና እናታቸውን በክብር ማስተናገዳቸው ነው።

ስለ ትምህርቱ መለዋወጥ

በዓሉንና ጉብኝቱን አንድ ላይ ስናያቸው፥ በሦስቱ ትውልዶች መካከል አንድ ልውውጥ እናገኛለን። በበዓል ቀን አያቲቱ አዋቂ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ተማሪ ነው። እንዴት እንደሚቀመጥ፥ ለታላቅ እጅ እንዴት እንደሚያስታጥብ፥ ጉልበት ስሞ ምርቃት እንዴት እንደሚቀበል ይማራል። በጉብኝት ቀን ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሊንከን መታሰቢያ ፊት የቆመው የ10 ዓመት ልጅ ሊንከን ማን እንደ ነበረ፥ በ1863 ስለ ባሮች ነፃነት ምን እንዳወጀ ከትምህርት ቤት የተማረውን ያውቃል፤ የማስረዳቱ ተራ የእርሱ ይሆናል። አማርኛው ሲያልቅበት እናቱ ወይም አባቱ ይተረጕሙለታል። መካከለኛው ትውልድ በሁለቱም ቀን ተርጓሚ ነው።

ይህ ልውውጥ ባይኖር ኖሮ ጉብኝቱ ለሽማግሌው ከባድ ይሆን ነበር። በሥራ ቀን ልጆቹ ማለዳ ወጥተው ማታ ይገባሉ። ቋንቋውን የማያውቁ፥ መኪና የማይነዱ እናት በተዘጋ ቤት ውስጥ ቀኑን ብቻቸውን ያሳልፋሉ፤ ደጃቸው ለጎረቤት ክፍት ሆኖ ለኖሩ ሰው ይህ እስራት ይመስላል። ቤት የሠሩ፥ ልጅ የዳሩ፥ ሰው ያስተናገዱ ሴት በልጃቸው ቤት እንግዳ ይሆናሉ። ወደ ቀድሞ ማዕረጋቸው የሚመልሳቸው በዓሉ ነው። ልጁም በበኩሉ በአያቱ ፊት የሚናገረው አማርኛ የሚያስፈልግ አማርኛ ነው፤ እናቱ እንግሊዝኛ ስለምታውቅ ከእርስዋ ጋር በአማርኛ መነጋገሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ከአያቱ ጋር ግን ሌላ መንገድ የለውም።

ለሙስሊሞቹ ቤተ ሰቦች ልውውጡ አንድ ዓይነት ሆኖ የቀኑ ስሌት ይለያል። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ፥ ረመዳን፥ ዒድ አልፈጥርና አረፋ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ስለዚህ በአንድ ወቅት የሚመጡ ወላጅ ዛሬ ያገኙትን ዒድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ወር ላያገኙት ይችላሉ።

እንግዳው ሲመለሱ ምን ይቀራል? ለዚህ ጥያቄ 2020 ያልታሰበ ፈተና ሆነ። በወረርሽኙ ምክንያት ጉዞ ተቋረጠ፤ ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. የዋለውን ፋሲካም ብዙ ቤተ ሰቦች ከቤት ሳይወጡ ቅዳሴውን በስልክ መስተዋት እያዩ አከበሩት። ከአገር ቤት ያሉ አያቶች በዚያው ስልክ መረቁ፤ የወጡን አሠራርም በቃል አዘዙ። ምርቃቱ ደረሰ፤ የእጅ ሙያ ግን በስልክ በሙሉ አይተላለፍም፤ ሽንኵርቱ የት ድረስ እንደሚቁላላ የሚታወቀው በማሽተትና በማየት ነው።

በስደት ስላለው ሕዝባችን ጥናት የሚያደርጉ ተማሪዎች እስካሁን በብዛት የሚመለከቱት ቤተ ክርስቲያኑን፥ ማኅበሩንና ምግብ ቤቱን ነው። እነዚህ በአደባባይ ስለሚታዩ ለመመዝገብ ይቀላሉ። የወላጅ ጉብኝት ግን በቤት ውስጥ ተጀምሮ በቤት ውስጥ የሚያልቅ ስለ ሆነ ሳይመዘገብ ያልፋል። የመጡበት ወር፥ ያገኙት በዓል፥ ያስተማሩት ወጥ፥ የታያቸው ስፍራ፥ ከልጅ ልጃቸው ጋር የተነጋገሩበት ቋንቋ ቢጻፍ፥ የትኛው ልማድ ወደ ሦስተኛው ትውልድ እንደ ተሻገረና የትኛው በሁለተኛው እንደ ቆመ በማስረጃ ለመናገር ይቻላል። የአያቶቹ ዕድሜ ስለማይጠብቅ፥ ይህ ሥራ ለሌላ ጊዜ የሚተው አይደለም።