ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር የነዳጅ ማሻሻያ ያስፈልገዋልን?

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በገላን ኮንዶሚኒየም ለሚኖር የሚኒባስ ወይም የጭነት ተሽከርካሪ ባለቤት ሞተሩ የቤተሰቡ እንጀራ ነው። «አዲቲቭ» እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠው የነዳጅ ማሻሻያ የሞተሩን ዕድሜ ያረዝማል ሲባል ጆሮውን ቢሰጥ አያስደንቅም። ይሁንና መልሱ የሚገኘው ከማስታወቂያው ሳይሆን ከናፍጣው ባሕርይ ነው።

በኮመን ሬይል ሥርዓት ናፍጣው እስከ 2,000 ባር በሚደርስ ግፊት ይታመቃል። በአብዛኞቹ ሞተሮች ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠውን ፓምፕና ኢንጀክተሩን ከፍጭት የሚጠብቃቸው የሞተር ዘይት ሳይሆን ራሱ ናፍጣው ነው። ሰልፈርን ለመቀነስ በሃይድሮጅን የሚከናወነው ማጣራት ግን ይህን የማለስለስ ባሕርይ የሚሰጡትን ውህዶችም ይቀንሳል። ስለዚህ የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 590 ሰልፈርን በኪሎ ግራም በ10 ሚሊ ግራም ሲወስን፣ በማለስለስ ፍተሻ የሚታየው የፍጭት ጠባሳ ከ460 ማይክሮን እንዳይበልጥም ያዝዛል። ጉድለቱን የሚሞላው ማሻሻያ የሚጨመረው በነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካው ወይም በማከማቻው ነው። እንግዲህ ሞተሩ ማሻሻያ ያስፈልገዋል፤ ደረጃውን ያሟላ ናፍጣ ግን አስቀድሞ ይዞት ይመጣል።

ኢትዮጵያ የተጣራ ናፍጣ የምታስገባው በአመዛኙ በጅቡቲ በኩል ነው። በመሆኑም የሰልፈሩና የሴቴኑ መጠን የሚወሰነው በግዥው ወቅት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ችግር ሌላ ነው፦ በማጓጓዝና በማከማቸት የሚገባ ውሃና አቧራ፣ እንዲሁም የማለስለስ ኃይልን የሚያዳክም የነጭ ጋዝ ቅልቅል። ቀን ሞቆ ሌሊት በሚቀዘቅዝ ስፍራ ደግሞ ግማሹ ባዶ በሆነ ታንከር ውስጥ ጤዛ ይቋጠራል።

ጠርሙሱ ሰልፈርን አያወጣም፤ አቧራንም አያጣራም። እንዲያውም ውሃን ከናፍጣ ጋር የሚያዋህዱ ማሻሻያዎች ውሃው መለያውን አልፎ ወደ ኢንጀክተሩ እንዲደርስ መንገድ ይከፍታሉ። ብረት ነክ የሆኑት ደግሞ በጭስ ማጣሪያው ውስጥ አመድ ይተዋሉ። የናፍጣን መርጋት የሚከላከሉትም ለበረዷማ አገሮች የተሠሩ በመሆናቸው በአቃቂ አካባቢ እምብዛም አያስፈልጉም።

አጣቢ ወይም የሴቴን ማሻሻያ ፋይዳ የሚኖረው ጉድለቱ በናሙና ፍተሻ ሲረጋገጥና የሞተሩ አምራች ሲፈቅድ ነው። ከዚያ በመለስ ግን ለጠርሙሱ የሚወጣው ገንዘብ ፊልትሮን በወቅቱ ለመቀየር ቢውል ይበልጥ ይጠቅማል። ውሃ መለያውን አዘውትሮ ማፍሰስና ታንከሩን ሞልቶ ማሳደርም የጤዛውን ጉዳት ይቀንሳሉ።