ከኢትዮጵያ ቁጥቋጦ የተገኘው የካንሰር መድኃኒት መነሻ

ከእጽዋት የሚወጡ ንጥረ ነገሮች ለካንሰር ሕክምና መዋል ከጀመሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። ከማዳጋስካር አበባ ቪንክሪስቲን፣ ከአሜሪካ የዩ ዛፍ ቅርፊት ደግሞ ታክሶል ተገኝተዋል። በዚህ ታሪክ ኢትዮጵያም ድርሻ ቢኖራትም ብዙም ሲነገርለት አይሰማም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከአገሩ ግብርና ሚኒስቴር ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ በ1960 በጀመረው የእጽዋት ፍተሻ ከኢትዮጵያ ከተወሰዱት ናሙናዎች አንዱ ማይቴነስ ሴራታ የተባለ ቁጥቋጦ ነበር። ተክሉ አጣጥ በሚል ስም ከሚታወቁት ቁጥቋጦዎች ጋር በአንድ ወገን ይመደባል። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሞሪስ ካፕቻንና ባልደረቦቻቸው ከዚሁ ተክል ማይታንሲን የተሰኘውን ንጥረ ነገር ለይተው እ.ኤ.አ በ1972 ይፋ አድርገዋል።

ማይታንሲን ሕዋስ በሚከፋፈልበት ጊዜ የሚዘረጋቸው ጥቃቅን ቱቦዎች እንዳይገነቡ ያግዳል፤ በዚህም ሕዋሱ መባዛት ተስኖት ይሞታል። ይሁንና ጤነኛውን ሕዋስ ከታመመው አይለይም። በመሆኑም በሕሙማን ላይ በተደረጉት ሙከራዎች በአንጀትና በነርቭ ላይ ባደረሰው ጉዳት ሳቢያ ለብቻው መድኃኒት ሊሆን አልቻለም። መጠኑም እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ ከአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ተክል አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይገኝም። ለምርምር ተብሎ ከኬንያ የተሰበሰበው የቅርብ ዘመዱ ከ27 ቶን በላይ እንደነበር ሲታሰብ በዱር ሀብት ላይ የሚያሳድረው ጫና ግልጽ ይሆናል።

መፍትሔው የተገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ በ1977 የጃፓን ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ንጥረ ነገር የሚሠራ ባክቴሪያ ማግኘታቸውን ገለጹ። ቆይቶም የማይታንሲን ተዋጽኦ የካንሰርን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ትራስቱዙማብ ከተባለ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣመረ። መርዙ በአብዛኛው የሚለቀቀው በታመመው ሕዋስ ውስጥ ነው። ካድሳይላ የተሰኘው ይኸው መድኃኒት ለአንድ ዓይነት የተሠራጨ የጡት ካንሰር እ.ኤ.አ በየካቲት 2013 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ይህ ማለት ግን የአጣጥን ቅጠል ቀቅሎ መጠጣት ካንሰርን ይፈውሳል ማለት አይደለም።

ናሙናው በተወሰደበት ጊዜ የጥቅም መጋራት ሕግ አልነበረም። የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የጸደቀው እ.ኤ.አ በ1992 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። አዋጁ የጄኔቲክ ሀብትን ለመጠቀም አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትን ግዴታ አድርጓል። መድኃኒቱ ዛሬ በባክቴሪያ እርዳታ የሚመረት በመሆኑ ቅጠሉን የሚፈልግ ፋብሪካ የለም። ስለዚህም ጥቅም ማስከበር የሚቻለው ናሙናው ከአገር ከመውጣቱ በፊት በሚፈረመው ውል ነው።