ከካምፑ ወዲያ ያለው መንገድ

ጎፋ መብራት ኃይል አካባቢ ለኤርትራዊ ስደተኛ ቤት የሚያከራይ ሰው፣ ስለ ተከራዩ ሥራ ከመጠየቁ በፊት ውጭ አገር ማን እንዳለው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ኪራዩ የሚመጣው ከስቶክሆልም፣ ከፍራንክፈርት ወይም ከቴል አቪቭ ነውና። አንድ ክፍል ውስጥ አራትም አምስትም ሆነው የሚኖሩት ወጣቶች ቡና ላይ ተቀምጠው ከሁሉም አብዝተው የሚያነሱት ቃል «ፕሮሰስ» ነው። የአንዱ የካናዳ ስፖንሰር፣ የሌላዋ ጀርመን ካለ ባሏ ጋር መቀላቀል፣ የሦስተኛው የዩኤንኤችሲአር ቃለ መጠይቅ። መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም።

ከአገራቸው ያስወጣቸውም ይኸው «መቼ ያልቃል» የሚባል ጥያቄ ነበር። በኤርትራ ሕግ ብሔራዊ አገልግሎት 18 ወር ነው። ከኢትዮጵያ ጋር ከተደረገው ከ1990ው ጦርነት ወዲህ ግን የገባ መቼ እንደሚወጣ አያውቅም። 12ኛ ክፍልን ሳዋ ወታደራዊ ማሰልጠኛ ገብቶ መጨረስ ግዴታ በመሆኑ፣ ክፍሉ ሳይደርስባቸው ብቻቸውን ድንበር የሚሻገሩ ልጆች ጥቂት አይደሉም።

የተቀበላቸው ሽሬ ነው። በ1996 የሽመልባ ካምፕ ተከፈተ፤ ማይ ዓይኒ፣ ዓዲ ሓሩሽና ሕጻጽ ተከተሉ። የካምፕ ኑሮ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የራሽን ስንዴውን መከተል ይበቃል። ስደተኛው በካርዱ ተሰልፎ ይቀበላል፤ ከፊሉን እዚያው ገበያ በርካሽ ይሸጥና በርበሬ፣ ሽሮ፣ የሞባይል ካርድ ይገዛል። የተረፈውን የሚያበስልበት እንጨት ፍለጋ ጫካ ሲወርድ ከአካባቢው ገበሬ ጋር ይጋጫል። ትምህርት ቤት አለ፤ የተማረ ሰው የሚሠራው ሥራ ግን የለም። ደላላው የሚገባው እዚህ ላይ ነው፦ «አሁን ሂድ፣ ኋላ ትከፍላለህ» ይላል። ኋላ የተባለው ሊቢያ ነው። እናት በስልክ የልጇን ጩኸት እየሰማች ትለምናለች፤ ለማስለቀቂያው ዘመድ ሁሉ ያዋጣል። በዚያ ገንዘብ ልጁ አዲስ አበባ ሱቅ ይከፍት ነበር፣ የሚያስከፍተው ቢያገኝ።

ኢትዮጵያ ምንም አላደረገችም ማለት ግፍ ነው። በ2002 ደጋፊ ዘመድ ያለው ኤርትራዊ ከካምፕ ውጭ እንዲኖር ፈቀደች፤ መሥራት ግን አልፈቀደችም። ዐዋጅ ቁጥር 1110/2011 ሥራንም ጨመረ፤ በአፍሪካ ከተደነቁ የስደተኛ ሕጎች አንዱ ነው። ዐዋጁ የሚለውን ይዞ ንግድ ፈቃድ ለማውጣት የሞከረ ሰው ግን አድናቆቱን አይጋራም።

ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠ። መስከረም 1 ቀን 2011 ድንበሩ ሲከፈት ሕዝብ ተቃቅፎ አለቀሰ፤ ወራት ሳይቆይ ኬላው ተመልሶ ተዘጋ። በ2012 መንግሥት ለኤርትራውያን በጅምላ ይሰጥ የነበረውን የስደተኝነት ዕውቅና አቆመ። በ2013 ትግራይ ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ሽመልባና ሕጻጽ ወደሙ፤ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ስደተኞች ነበሩባቸው። ከሸሹት መንግሥት ወታደሮች ጋር እዚያው የተገናኙ፣ ታፍነው ወደ ኤርትራ የተወሰዱም አሉ። ዳባት አጠገብ አለምዋጭ የተባለ አዲስ ካምፕ ተሠራ። በሰኔ 2015 ደግሞ እርዳታ ተዘርፏል በሚል የምግብ ዕደላው ለወራት ቆመ፤ የዘረፈው ስደተኛው አልነበረም፣ የተራበው ግን እሱ ነው።

ወረቀት የሌለው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አፈሳ ይፈራል። በሐምሌ 2015 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ባለሙያዎች ኢትዮጵያ ኤርትራውያንን በግዳጅ መመለሷን አውግዘዋል። ይህን የሰማ ወጣት ወደ መተማ የሚያደርሰውን ደላላ ቢፈልግ ያበደ አይመስለኝም። ላምፔዱዛ አጠገብ በመስከረም 2006 ከ360 በላይ ሰው መስጠሙን፣ አብዛኞቹም የአገሩ ልጆች እንደነበሩ ከእኛ አብልጦ ያውቃል።

ደላላ ይታሰር፤ ማን ይጠላል። ሊቢያ ውስጥ ሰው በማገት የታወቀው ኪዳነ ዘካርያስ በ2012 ከአዲስ አበባ ፍርድ ቤት አምልጦ፣ በ2015 ሱዳን ውስጥ ተይዟል። መንገዱ ግን አሁንም ሰው አላጣም። ስለዚህ ሥልጣኑ በእጃችሁ ያለ ሰዎች፣ ዐዋጁ ተጽፏል፤ አዲስ መጪዎቹን መዝግቡ፣ የሥራ ፈቃዱን ስጡ፣ ለሚጠብቁት ሁሉ ቀን ቁረጡላቸው።