ራስ ምታቱ ከአንገት ሲመጣ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንገት ነው።

በራያ ቆላ ሸክም የማያውቅ ማነው? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ነው። የማሽላው አገዳ አለ፤ ማገዶው አለ። በአጨዳ ጊዜ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ መዋል አለ። ማታ ማጅራት ይደርቃል። ሕመሙ ወደ ራስ ይወጣል፤ እስከ ዓይን ይደርሳል። አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል። «ምች ነው» የሚልም አይጠፋም።

ለመሆኑ አንገት ራስን እንዴት ያሳምማል? ስሜትን ወደ አንጎል የሚያደርሱ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ነርቭ ይባላሉ። ከአንገት ላይኛው ክፍል የሚመጡት ነርቮች ከግንባር ከሚመጡት ጋር አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ስለዚህ የታመመው አንገት ሆኖ ሳለ ግንባር የታመመ ይመስለናል።

በምን ይታወቃል? ሕመሙ ከማጅራት ይነሣል። ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ነው። አንገት ሲዞር ይብሳል።

ነገር ግን ልብ በሉ! ያዞረው ሁሉ አንገቱን ታሞ አይደለም። ወባ፣ የውሃ ጥም፣ የደም ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የጆሮ ሕመምም ያዞራሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ጤና ጣቢያ መመርመር ይገባል።

ሕመሙ የአንገት ከሆነ በእጅ ይታከማል። ባለሙያው ፊዚዮቴራፒስት ይባላል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህ ሙያ ይሰጣል። ባለሙያው የበሽተኛውን ራስ በእጁ ይደግፋል። ጡንቻውን በቀስታ ያሻል። አንገቱን በዝግታ ያንቀሳቅሳል። ከዚያም በቤት የሚሠራ እንቅስቃሴ ያስተምራል።

ወጌሻዎቻችንስ? ወጌሻ የምናከብረው ባለሙያ ነው። ሆኖም አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ማንቋቋት አደገኛ ነው። በአንገት አጥንቶች ውስጥ ወደ አንጎል የሚሄዱ ሁለት የደም ሥሮች ያልፋሉ። እነርሱ ከተጎዱ ሰው ሽባ ሊሆን፣ ሊሞትም ይችላል። «ልጠምዝዘው» የሚላችሁ ቢኖር፣ «አይሆንም» በሉ።

በቤታችሁ ይህን አድርጉ። ሸክሙን ከፋፍሉ። ከሥራ መካከል ቀና በሉ። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ አገጫችሁን በቀስታ ወደ ኋላ ሳቡ፤ እስከ አምስት ቁጠሩ። አሥር ጊዜ ድገሙት። ካመማችሁ ወይም ካዞራችሁ ግን አቁሙ።

ራስ ምታቱ ድንገተኛና ብርቱ ከሆነ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ ትኩሳትና የማጅራት መድረቅ አብረው ከመጡ፣ ወይም ሰው ከወደቀ በኋላ አንገቱን ካመመው፣ አታሹት። ያኔውኑ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ያነበባችሁትን ለጎረቤት ንገሩ።